የመርካቶ ፎቶ እና የአሜሪካ ሕግ

ከሸማ ተራ እስከ ዱባይ ተራ ሁለት ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች በርክተዋል። አንደኛው ጠዋት በሩ የሚከፈተው ነው። ሁለተኛው በቴሌግራም፣ በፌስቡክ ወይም በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ሌት ተቀን ክፍት ነው። የመጀመሪያው ሱቅ ጉዳይ፣ ንግድ ፈቃዱም ግብሩም፣ እዚሁ አገር ያልቃል። ሁለተኛው ግን ባለቤቱ አንብቦት በማያውቀው የውጭ ሕግ ሥር ያድራል።

ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በፎቶ ነው። ከቱርክ ወይም ከቻይና ጫማ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ከጉምሩክ ሳይወጣ ከፋብሪካው ካታሎግ ላይ ምስሉን አንስቶ ይለጥፋል። ደንበኛ ቀብድ የሚከፍለው አይቶ ነዋ! ታዲያ ያ ፎቶ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ መጥቶ ክስ አይከፍትም፤ ገጹን ለያዘው የአሜሪካ ኩባንያ ኢሜይል ይልካል፣ በቃ።

የኢሜይሉ ጉልበት የሚመነጨው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1998 እ.ኤ.አ. ከፈረሙት የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ነው። የሕጉ ክፍል 512 ኩባንያዎችን እንዲህ ይላቸዋል፦ ደንበኞቻችሁ የሰው ሥራ ቢለጥፉ እናንተ ካሳ አትከፍሉም፤ ነገር ግን አቤቱታ ሲደርሳችሁ ፈጥናችሁ አንሱ፣ ደጋግመው የሚጥሱትንም አሰናብቱ። ይህን ከለላ ያጣ ኩባንያ የሚጠብቀው ቀላል አይደለም። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት የአሜሪካ ፍርድ ቤት በአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ኩባንያው ማን ትክክል ነው ብሎ ብዙ አይመራመርም፤ ያነሳዋል። ጎረቤት «ይሄ ዕቃ የእኔ ነው» ስላለ ብቻ አከራይ ሱቁን እንደሚቆልፍ ዓይነት ነው። ዋና ቢሮው ዱባይ የሆነው ቴሌግራም እንኳ የቅጂ መብት አቤቱታ ተቀብሎ ያነሳል።

ነጋዴው መልስ የመስጠት መብት አለው። ሆኖም ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን አስፍሮ፣ ውሸት ቢሆን በሐሰት ምስክርነት እንደሚጠየቅ አውቆ፣ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት መስማማት አለበት። ከዚያም ከሳሹ ክስ ካልመሠረተ ፎቶው የሚመለሰው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለዘመን መለወጫ ልብስ ለሚሸጥ ሰው ይህ ማለት ገበያው አለፈ ማለት ነው።

ለመሆኑ ከሚሊዮን ገጾች መሐል ፎቶውን እንዴት ያገኙታል? በምስሉ አሻራ ነው። ከቀላሎቹ ዘዴዎች አንዱን እንይ። ኮምፒውተሩ ፎቶውን በቁመት 8፣ በወርድ 8 እስኪሆን ያሳንሰዋል፤ 64 ትንንሽ ካሬዎች ይቀራሉ። ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጥና የሁሉንም ካሬዎች አማካይ ብርሃን ያሰላል። ከአማካዩ የደመቀው ካሬ 1፣ የደበዘዘው 0 ይባላል። በዚህ መልክ የተገኙት 64 አኃዞች የፎቶው አሻራ ናቸው። መርካቶ ውስጥ እንደተለመደው በፎቶው ጥግ ላይ ስልክ ቁጥር ቢጻፍበት ከ64ቱ የሚለወጡት ጥቂቶች ናቸው። ቴሌግራም ጨምቆት ጥራቱ ቢወርድም አሻራው ያው ነው ለማለት ይቻላል። ለሙዚቃም ተመሳሳይ ዘዴ አለ፤ ዩቲዩብ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ይለያል። ለማስታወቂያ ቪዲዮ ማጀቢያ የተደረገ ዘፈን የሚታፈነው በዚህ የተነሳ ነው።

ማሽኑ ግን ሁለት ፎቶዎች አንድ መሆናቸውን እንጂ ፋብሪካው ለአስመጪው ፈቅዶለት እንደሆነ አያውቅም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የሚጎዳውም ውሉን በስልክ ብቻ የጨረሰውን ትንሽ ነጋዴ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ዜጎችንና ነዋሪዎችን ሥራ እንዲሁም እዚህ አገር የታተመውን ነው፤ ለሌላው ዓለም አቀፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተፈረመው የበርን ስምምነት ውጭ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖራለች። ስለዚህ በዚህ አገር ሕግ የማያስከስስ ፎቶ በአሜሪካ ሕግ ሱቅ ሊያዘጋ ይችላል። በተቃራኒው የሸማ ተራ ነጋዴ ያነሳው የጥበብ ፎቶ ውጭ አገር ሲወሰድበት ተመሳሳይ ጥበቃ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይችልም። በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት መሆኑ ፍትሐዊ አይደለም።

የድረ ገጽ ስም የሆነው ዶሜንም ከዚህ አያመልጥም። የዶት ኮም መዝገብ የሚያዘው ቨርጂንያ ባለው ቬሪሳይን ኩባንያ ነው። ሮሃዲሬክታ የተባለው የስፔን የስፖርት ድረ ገጽ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ነው ተብሎ ነበር፤ ያም ሆኖ የአሜሪካ መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዶት ኮም ስሙን ወሰደበት። የተመለሰለት በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ መሆኑ ነው። የእኛው ዶት ኢቲ የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር አሜሪካ ከሆነ ግን በኢሜይሉ የሚመጣው ጣጣ አይቀርም።

ነጋዴው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ናሙናው እጁ ሲገባ በራሱ ስልክ ያንሳውና ዋናውን ፋይል፣ ቀኑ እንዳለ፣ ያስቀምጥ። ዕቃው ገና ካልደረሰ ደግሞ ለፋብሪካው ሰው በዊቻት ይጻፍለት፦ «የካታሎጋችሁን ፎቶ ለሽያጭ ብጠቀም ትፈቅዳላችሁ?» ፋብሪካው ዕቃው እንዲሸጥለት ይፈልጋልና ላለመፍቀድ ብዙም ምክንያት የለውም። ያችን የፈቃድ መልእክት አስቀርቶ ይያዝ፤ አቤቱታ በመጣ ቀን ለኩባንያው የሚልከው ማስረጃ እሷ ናት።