በላሊበላ ከተማ ስለሚገኙ የመብልና የመጠጥ ቤቶች

በላስታ ደጋ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በላሊበላ ከተማ፥ እንግዳን ማብላት ከጥንት ጀምሮ የቤተ ሰብ ግዴታ እንጂ የንግድ ሥራ ሆኖ አልታሰበም። እንጀራን በገንዘብ መሸጥ ነውር መባሉ የላስታ ልማድ ብቻ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው ስለ ነበር፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በልተው ሒሳቡን በመክፈል እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ስለዚህ የላሊበላ ቤቶች የሚለያዩት በመብሉ ዓይነት ብቻ ሳይሆን፥ የገባውን ሰው እንደ እንግዳ ወይም እንደ ገዢ በመቀበላቸው ነው።

ከሁሉ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ጠላ ቤት ነው። ምልክቱ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ባለቤቲቱ የጠመቀችውን ጠላ ከማቅረቧ በፊት፥ በሰርግና በዝክር እንደሚደረገው ሁሉ፥ ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች። የሚሸጠው መጠጡ ነው፤ ቆሎው ወይም ንፍሮው ብዙ ጊዜ ያለ ዋጋ ይመጣል። ቅዳሜ ገበያ ሲውል መደቡ በገበሬ ይሞላል። በጠጅ ቤትም ብርሌውና የአዝማሪው ማሲንቆ እንጂ መብሉ እምብዛም ቦታ የለውም።

በምግብ ቤት ግን የሚሸጠው እንጀራው ራሱ ነው። ሆኖም የቤት ሥርዓት አልጠፋም፤ እጅ ታጥበው ባንድ ትሪ ዙሪያ የተቀመጡት ይጐራረሳሉ፥ ብቻውን የሚበላም ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው «እንብላ» ሳይል አይጀምርም። የሚበላውን የሚወስነው ከገንዘቡ ይልቅ ቀኑ ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምና ከኅዳር 15 ቀን በሚጀምረው በጾመ ነቢያት፥ ሽሮና በያይነቱ ይቀርባል፤ ፍስክ ሲገባ ጥብሱና ክትፎው ይመለሳል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ያለው በሆቴሎቹ ነው። እንደ ሰባት ወይራ ባሉት ሆቴሎችና አንዲት የስኮትላንድ ተወላጅ ከኢትዮጵያዊ ሸሪካቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 በከፈቱት በቤን አበባ (ስሙ የስኮቶችን «ተራራ» ከአማርኛው «አበባ» ጋር ያጣመረ ነው) ለእያንዳንዱ ተመጋቢ የየራሱ ሳህን ይቀርባል፥ መብሉም ከዝርዝር ይመረጣል። የውጭ አገር ሰው በጾም ቀን ሥጋ ሲያዝ፥ ባጠገቡ ያለው ምእመን ሽሮው ቅቤ እንዳልነካው ማረጋገጫ ይሻል። ድስቱና ማማሰያው ካልተለየ ጾሙ ፈረሰ ማለት ነውና፥ ከጣዕም ይልቅ የወጥ ቤቷ ታማኝነት ይመረመራል።

የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝና በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ከተማይቱን የነካው ጦርነት የውጭውን ተመጋቢ ሲያስቀሩ፥ የተጐዳው በዚህ በኋለኛው ሥርዓት የቆመው ቤት ነበር። የገና ተሳላሚ ግን ከሆቴል ዝርዝር ጋር ጉዳይ የለውም። በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቆ በእግሩ ይመጣል፤ የከተማው ሰውም እግሩን አጥቦ ያለውን ያቀርብለታል፥ ሒሳብም አይጠየቅም።