አሮጌው ሌንስና የበርሜላችን ውሃ

ሶቭየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ ሰው ባለበት ቤት አንድ ዜኒት ካሜራ አይጠፋም። ከመጻሕፍቱና ከወፍራሙ ካፖርት ጋር በሻንጣ የመጣ ነው። የዘመኑ ልጆች ቁም ሳጥን ሲያጸዱ አውጥተው “ይኼስ ይጣል?” ይላሉ። እኛም ቤት ይህ ጥያቄ ተነስቷል፤ ካሜራው የባለቤቴ ነው። ካሜራውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ፊቱ ላይ ያለውን ሌንስ ግን አትጣሉ። ለልጅ ልጆቻችሁ ዓይን የማይሞላውን ትንሽ ነገር አጉልቶ የሚያሳይ፣ ገና ያላረጀ ዕቃ ነው።

ብዙውን ጊዜ ሌንሱ ላይ በሩሲያ ፊደል “ሄሊዮስ 44-2” የሚል ታገኛላችሁ። ባለ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ ንድፉ የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ይሠራው ከነበረው ቢዮታር የተወረሰ ነው። ባትሪም ሽቦም የለውም። ካሜራው ላይ የሚገጠመው እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ እየተጠመዘዘ ነው፤ የጥርሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ባለሙያዎች ኤም 42 ይሉታል። ከዚህ ጥርስ ወደ ዛሬዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች የሚያሸጋግር አዳፕተር የሚባል የብረት ቀለበት ይሸጣል።

ይህ ሌንስ ብቻውን ሲሆን ከግማሽ ሜትር ቀርቦ ማየት አይችልም። ጉንዳን ብታነሱበት ነጥብ ነው የሚታየው። መፍትሔው ኤክስቴንሽን ቲዩብ የሚባለው ማራዘሚያ ቀለበት ነው። በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ባዶ የብረት ቱቦ ነው፤ ውስጡ መስታወት የለበትም። ለኤም 42 ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆኖ ይሸጣል፦ 7፣ 14 እና 28 ሚሊ ሜትር። አንዱን ብቻ ወይም ሦስቱንም ደርቦ መግጠም ይቻላል።

ባዶ ቱቦ እንዴት ያጎላል? ሲኒማ ቤት ያለውን የፊልም ማሽን አስቡት። ማሽኑ ከግድግዳው በራቀ ቁጥር ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ሥዕል ይሰፋል። ሌንሱም ምስል ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል ራቅ ሲል፣ ወደሚነሳው ነገር ጠጋ ብሎ ያያል፤ ምስሉም ይተልቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የቱቦውን ርዝመት ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል ነው። ሦስቱ ቱቦዎች ሲደመሩ 49 ይሆናሉ፤ 49 ለ58 ሲካፈል 0.84 ይመጣል። አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር ካሜራው ውስጥ ስምንት ሚሊ ሜትር ከግማሽ ገደማ ሆኖ ያርፋል ማለት ነው። ያ ምስል ቴሌቪዥን ላይ ሲዘረጋ የሚሆነውን እናንተው ገምቱ።

አዲስ ሌንስስ ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል። ይሆናል፤ ነገር ግን የአሁኖቹ ብዙዎቹ ሌንሶች የብርሃን ቀዳዳቸውን የሚያጠቡትና የሚያሰፉት ካሜራው በኤሌክትሪክ ሲያዛቸው ነው። ርካሹ ባዶ ቱቦ ትእዛዙን ስለማያሳልፍ ሌንሱ እንደተከፈተ ይቀራል። አሮጌው ሌንስ ግን የሚታዘዘው በእጅ ነው። ሄሊዮስ 44-2 ለዚህ ሁለት ቀለበት አለው፤ በአንዱ ቁጥሩን ትመርጣላችሁ፣ በሌላው ትከፍታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ከፍታችሁ በደንብ አይታችሁ፣ ከዚያ እስከ መረጣችሁት ቁጥር ዘግታችሁ ማንሳት ነው። ካሜራው “ሌንስ የለም” ብሎ አላነሳም ካለ፣ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ያለ ሌንስ እንዲያነሳ ፍቀዱለት። ይህን የልጅ ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ያገኙታል።

ለልምምድ የማይንቀሳቀስ ነገር ያዙ። እኛ የጀመርነው በጃንሆይ ጊዜ ስሙኒ፣ 1936 ዓ.ም. በተጻፈበት ሳንቲም ነው። የጥበብ ጥለት፣ ጥቂት የጤፍ ፍሬ፣ የቀለበት ጌጥም ይሆናል። ችግሩ ወዲያው ይገለጥላችኋል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። የሳንቲሙ ፊደል ሲጠራ ጠርዙ ይደበዝዛል። ስለዚህ ፎከሱን በማዞር አትድከሙ፤ ካሜራውን ራሱን በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ማጥበብ ይረዳል። ወደ ኤፍ 16 ስትሄዱ ደግሞ ምስሉ በሙሉ መለስለስ ይጀምራል።

ብርሃንም ይቀንሳል። ምስሉ የነገሩን ትክክለኛ መጠን ሲያክል ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ያህል ብቻ ነው። የጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ በጨለመው በኩል ነጭ ወረቀት አቁማችሁ ብርሃኑን መልሱለት። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ ይብሳል። ካሜራውን ሩዝ ወይም ምስር በሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ አስደግፉትና በሁለት ሴኮንድ ሰዓት ራሱ እንዲያነሳ አድርጉ። የእኔ ዓይን መነጽር ለብሶም ስለሚቸግረው የካሜራውን ስክሪን አጉልቼ ነው የማየው። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ካሜራውን ያንቀሳቅሳል፤ እኔ “ቁም!” እላለሁ። ሞባይልም ጠጋ ብሎ ያነሳል፤ እንደዚህ ግን አንድን ነገር ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ አያሳይም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደ በርሜሉ ለመድረስ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ በርሜል የሌለው ቤት የለም። እኛ ነርሲንግ ስንማር ወባ ሲባል የገጠር ኩሬና ረግረግ ነበር የሚታየን። አሁን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ አለች፤ በአገራችን መኖሯ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከተማ ትወዳለች፤ ሰው ባጠራቀመው ውሃ፣ በበርሜልና በገንዳ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። ደንጊና ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ኤደስም የምትፈልገው ይህንኑ የቤት ውሃ ነው፤ ሁለቱም በሽታዎች ከተማችንን ጎብኝተዋል።

በበርሜል ውስጥ የሚውረገረገውን እጭ ሰው “የውሃ ትል ነው” ብሎ ያልፈዋል። አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ ጎረቤቴም እንዲሁ ነበሩ። “ሲስተር፣ ከቧንቧ የቀዳሁት ንጹሕ ውሃ ነው፤ ትንኝ የሚወልደው ቆሻሻ ነው” ብለው ክዳን እምቢ አሉኝ። ከበርሜላቸው በማንኪያ ጥቂት ውሃ ለመንኩና ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። ክብ ብርጭቆ ምስሉን ስለሚያጣምም አይሆንም። ከኋላው ነጭ ወረቀት አቆምን፣ ሦስቱን ቱቦዎች ገጠምን። ሌንሱና ጠርሙሱ አንድ መዳፍ ያህል ብቻ ነበር የሚራራቁት።

ከብዙ የተበላሸ ፎቶ በኋላ ሁለት ዓይነት እጭ አገኘን። አንደኛው ከውሃው ፊት በታች ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ አዘንብሎ ተንጠልጥሏል፤ ከጭራው ቱቦ መሰል ነገር ወጥቶ የውሃውን ፊት ነክቷል። ሌላው ከውሃው ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ እንደ ተንሳፈፈ እንጨት ጋደም ብሏል። “አያቴ፣ ይኼኛው ለምን ተዘቀዘቀ?” አለኝ ልጁ። ቱቦዋ መተንፈሻዋ ነው፤ ኤደስና ኪዩሌክስ እንዲህ ናቸው። የወባዋ ትንኝ አኖፊለስ እጭ ያ ቱቦ ስለሌላት ለመተንፈስ ጋደም ማለት አለባት። ይህን ልዩነት ተማሪ ሆኜ በመጽሐፍ ሥዕል አጥንቼዋለሁ። ከጎረቤት በርሜል ወጥቶ፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ ሲቆጠር ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

ፎቶውን ቴሌቪዥን ላይ ከፍተን ጎረቤቴን ጠራናቸው። ብዙ አልተናገሩም። ጋደም ያለችውን በጣታቸው አሳይተው “ይቺ ናት?” አሉ። “አዎ እማማ፣ የወባዋ ወገን ናት” አልኳቸው። “ከእኔ ቤት?” አሉ። በማግስቱ በርሜላቸው ላይ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ በላስቲክ ታስሮ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጎረቤቶችም በጆግና በብርጭቆ ውሃ ይዘው ይመጣሉ።

ፎቶው የማይናገረውን ደግሞ ልንገራችሁ። አኖፊለስ መሆኗን ይጠቁማል እንጂ ስቴፈንሲ መሆኗን አይለይም፤ ያ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው። ትኩሳት ላለበት ልጅም ፎቶ አያክመውም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዶ ደም ማስመርመር ነው። የቆዳ ምልክት እያነሳችሁ በሽታ እንድለይላችሁ አትላኩልኝ፤ በሌንስ የጎላ ማድያት ሁሉ ያስፈራል።

ሌንሱን ከማኅደሩ ስታወጡ በብርሃን አንጻር ውስጡን እዩት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ስለሚይዝ ሌንሱን ደረቅ ቦታ፣ ከማኅደሩ ውጪ አስቀምጡት። ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ ግን አትተዉት፤ እንደ ማጉያ መነጽር ብርሃን ሰብስቦ መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል። ልጁም በሌንሱ ፀሐይን እንዳያይ ተቆጡት።

እኛ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምናነሳው፤ ቅዳሜ በርሜል የሚታጠብበት ቀን ነው። በሞቃት አገር ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያላት ትንኝ ለመድረስ አንድ ሳምንት ገደማ ሊበቃ ይችላል፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ አይቆይም። ውሃውን መገልበጥ ብቻውንም አይበቃም፤ ኤደስ እንቁላሏን ግድግዳው ላይ ስለምታጣብቅ በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። ፎቶ ያነሳችሁባትን የጠርሙስ ውሃ ደግሞ ደረቅ አፈር ላይ ድፏት፤ ቦይ ውስጥ ከደፋችኋት እጮቹ ቦዩ ውስጥ ያድጋሉ።