አዛን በማይሰማበት አገር እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ባልና ሚስት

በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ በታኅሣሥ ወር የዙህር ሶላት ወቅት የሚገባው ከቀኑ 5፡40 ገደማ ነው። ዐስር ከ8 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ይደርሳል፤ መግሪብ ደግሞ ገና በ10፡30 ገደማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከ12 ሰዓት እምብዛም ሳትርቅ ለምትጠልቅበት ለአገራችን ሰው ይህ የሰዓት ስሕተት ሊመስለው ይችላል። በዚያ አገር የትምህርት ቤት ሥራ ከጠዋቱ 2፡30 አካባቢ ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይዘልቃል። ስለዚህ ሙስሊም የሆነ መምህር ሁለቱን ሶላት በሥራ ላይ እያለ፣ ሦስተኛውን ወደ ቤቱ ሲመለስ ያገኛቸዋል ማለት ነው። ከመንገድ ማዶ ሙአዚን አይጣራም። አስታዋሹ በኪስ ያለ ስልክና ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ የትዳር ጓደኛ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን! ስለ ጃፓን ሲነሣ ስለ መኪናውና ስለ ኤሌክትሮኒክሱ ብዙ ሰምተናል። በዚያ አገር እንግሊዝኛ እያስተማሩ ስለሚኖሩ ወጣት ሙስሊም ባለትዳሮች ግን ብዙም አልተጻፈም። ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአሜሪካና በብሪታንያ ተወልደው ዜግነት የያዙ የዘመዶቻችን ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲጨርሱ ይህ በር ክፍት ሆኖ ያገኙታል።

በሩ በአብዛኛው ጄት የተባለው የጃፓን መንግሥት ፕሮግራም ነው። የተጀመረው በ1987 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን የውጭ አገር ወጣቶች ይቀበልና በየከተማውና በየገጠሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሥር ረዳት የቋንቋ መምህር አድርጎ ይመድባል። ውሉ የአንድ ዓመት ሲሆን እስከ አምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። ባልና ሚስት አብረው ማመልከት ቢችሉም ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ይገባሉ ማለት አይደለም። በግል ድርጅቶች በኩል የሚቀጠሩም ብዙዎች ናቸው፤ የእነዚህ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው።

እኔም መምህር ነኝና ስለ ማስተማሩ ጥቂት ልበል። ረዳቱ መምህር ብቻውን ክፍል አይገባም፤ ከጃፓናዊው መምህር ጎን ቆሞ ነው የሚያስተምረው። ተማሪዎቹ በትእዛዝ ይነሣሉ፣ አጎንብሰው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ለመግቢያ ፈተና ሲሉ ሰዋስውን በሚገባ ያጠኑ ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ ሲባሉ ጠረጴዛቸውን ያያሉ። ተሳስቶ በጓደኞች ፊት መታየት ከባድ ነው። በመድረሳ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ መገረሙ አይቀርም። እኛ ቁርኣን ስንቀራ ሃያና ሠላሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ የተሳሳተው እዚያው ይታረማል፣ ይቀጥላል። ስሕተት የትምህርቱ መንገድ እንጂ ውርደት አልነበረም። በመድረሳ ያለፈ ወጣት በዚያ ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ሊያካፍላቸው የሚችለው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል። መንግሥትም ችግሩን አይቶ ከ2020 ጀምሮ እንግሊዝኛን በአንደኛ ደረጃ 5ኛና 6ኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት አድርጎታል።

ወደ ሶላቱ እንመለስ። በጃፓን ትምህርት ቤት የመምህራኑ ሁሉ ጠረጴዛ በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ተደርድሮ ነው የሚገኘው። ማን ገባ ማን ወጣ ሁሉም ያያል። የዕለቱን ሥራ የሚመራው ምክትል ርእሰ መምህሩ ነው፤ ነገሩን ቶሎ መንገር የሚገባውም ለእሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «በቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ የምጸልይበት ጥግ ባገኝ» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ሰው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ለሦስት ወር ደብቆ ሰግዶ በአራተኛው የተገኘ ሰው ግን ነገሩ ይከብድበታል። በዚያ አገር መሥሪያ ቤት ሰውን ቅር የሚያሰኘው ድንገተኛ ነገር እንጂ አስቀድሞ የተነገረ ጥያቄ አይደለም። ወለሉ ንጹሕ ነው፤ መምህሩም ተማሪውም የውጭ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በቤት ውስጥ ጫማ ነው የሚገባው። ክፍሉንና መተላለፊያውን የሚያጸዱት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ለዉዱእ እግርን በእጅ መታጠቢያ ላይ ማንሣት ግን የሚያየውን ሰው ያስደነግጣልና ብዙዎች ከቤታቸው ዉዱእ አድርገው ወጥተው ለመጠበቅ ይሞክራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ምሳ ነው። የትምህርት ቤት ምገባ ሕግ በጃፓን የወጣው በ1954 ሲሆን በአብዛኛው የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ ይበላል። ልጆቹ ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው በየተራ ያድላሉ፤ መምህሩም ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ይበላል። ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን አጋጥመው በአንድ ድምፅ «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደማለት ነው። ሙስሊሙ በልቡ ቢስሚላህ ይላል። ይላል እንጂ ሳህኑ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት። ሾርባው የአሳማ ሥጋ ሊኖረው ይችላል፤ የዓሣው ወጥ ሚሪን የሚባል ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ካሪው በእንስሳ ስብ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የወሩ የምግብ ዝርዝር አስቀድሞ ስለሚታደል አንዳንዱ በቀለም እያሰመረ የሚበላውንና የማይበላውን ይለያል። አብዛኛው ግን ከቤት ቋጥሮ መሄድን ይመርጣል፤ አንዳንድ ምግብ የማይስማማቸው ልጆችም እንዲሁ ያደርጋሉና ያን ያህል አያስደንቅም። ለዕለታዊ ጽሑፍ ይበቃሉ ተብለው በ2010 በመንግሥት የተወሰኑት የቻይና ፊደሎች 2,136 ናቸው። ሙስሊም ባልና ሚስት ከእነዚህ ሁሉ አስቀድመው የሚያጠኑት «አሳማ» የሚለውን ነው፤ በሱቅ ውስጥ እሱን ፍለጋ የዕቃ ጀርባ ሲያነቡ ይውላሉ።

ሰላምታው አንድ መከራ ያቀልላል፣ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ጃፓኖች በአብዛኛው አይጨባበጡም፤ ሚስት ለወንድ ባልደረባዋ፣ ባልም ለሴት ባልደረባው እጅ አልሰጥም እያሉ የሚሳቀቁበት ምክንያት አነስተኛ ነው። ነገር ግን ማጎንበስ አለ። ወደ ሩኩዕ እንዳይቀርብ የሚጠነቀቁ ሰዎች ራስን ዝቅ በማድረግ ብቻ ይወሰናሉ፤ ማንም ቅር ሲሰኝ አይታይም። ሒጃብ ያደረገችው እኅት ደግሞ ከልጆቹ ጥያቄ አታመልጥም። በበጋ አይሞቅሽም? ፀጉር አለሽ? ይህ ክፋት የሌለበት የልጅ ጉጉት ነው፤ ጥሩ መምህርት ልጆቹን በእንግሊዝኛ ጠይቁኝ ብላ ትምህርት ታደርገዋለች። የባልደረቦች ግብዣ ግን ጨዋታ አይደለም። በሚያዝያ አቀባበል፣ በታኅሣሥ የዓመቱ መሸኛ፣ በየጊዜው መጠጥ ያለበት ማዕድ ይዘጋጃል። አስካሪ መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ አለመቀመጥ የተማርነው ነው። አንዳንዱ ሻይ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥ ይሆናል፤ እኔ ግን አስቀድሞ በጨዋነት መቅረትን እመርጣለሁ። የቀረ ሰው ከጉዞ ሲመለስ በየጠረጴዛው ጣፋጭ ቢያስቀምጥ ፍቅሩ አይጎድልም፤ ይህ በእነሱ ዘንድ የተለመደና የሚወደድ ነገር ነው።

ማታ ቤት ነው። በብዙ የጃፓን ቤት ሁሉንም ክፍል የሚያሞቅ መሣሪያ የለም፤ በክረምት የላምባ ምድጃ ወይም ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ነው የሚያሞቀው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ሲያስተምሩ ውለው ደክመው ይመለሳሉ። ማን ያብስል? ማን ቆሻሻውን በየዓይነቱ ለይቶ በቀኑ ያውጣ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች። ይህ ሐዲስ እናት፣ እኅትና ጎረቤት በሌለበት አፓርታማ ውስጥ በየቀኑ ይፈተናል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ኢሻን ባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያሰግዳል፤ ከኋላው አንዲት ሴት ብቻ ትቆማለች። ለብዙ ወራት የሚያውቁት ጀማዓ ይኸው ሊሆን ይችላል። የተኳረፉ ቀን እንኳ ሶፉ አንድ ነውና ኩርፊያው ብዙ አይቆይም ይባላል፤ እውነት ይመስለኛል። ሐላል ሥጋ በትእዛዝ በረዶ ሆኖ በፖስታ መኪና እቤት ድረስ ይመጣል።

መስጊድ የለም ማለት ግን አይደለም። የኮቤ መስጊድ በ1935 ተሠርቶ ከጦርነቱ ቦምብም ከ1995ቱ የመሬት መንቀጥቀጥም ተርፏል። የቶኪዮው ከሩሲያ በተሰደዱ ታታሮች ጥረት በ1938 ተከፍቶ፣ በ1986 ፈርሶ፣ በ2000 እንደገና ተሠርቷል። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ100 በላይ መስጊዶች አሉ። ገጠር የተመደበ መምህር ግን ጁምዓን የሚያገኘው ከዓመት ፈቃዱ ላይ በሰዓት እየቆረጠ ወይም ትምህርት ሲዘጋ ነው። ረመዳንም እንደ ዓመቱ ነው። በ2016 በሰኔ ወር ውሎ ሱሑር ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ያበቃ ነበር፤ ኢፍጣሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር፤ በዚያ ላይ የዝናቡ ወቅት ወበቅ አለ። በ2026 የጀመረው በየካቲት ስለሆነ ቀኑ አጭር፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነበር።

በየዓመቱ በክረምቱ አጋማሽ ወረቀት ይመጣል። ትቀጥላላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ? ለሁለት ሰው መልሱ ቀላል ነው። ልጅ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። የመዋያው ምሳ አለ፣ ዐረብኛና ቁርኣን የሚያስተምረው ኡስታዝ ሩቅ ነው፣ ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ የማይበላበትን ምክንያት ማስረዳት አለ። ስለ ሞትም ይነሣል፤ በጃፓን ከሚሞቱት ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይቃጠላሉ፣ የሙስሊም መቃብር ያለባቸው ቦታዎችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንዳንዶቹ አምስቱን ዓመት ሳይሞሉ ይመለሳሉ። ሌሎች መስጊድ ወዳለበት ከተማ ተዛውረው በግል ድርጅት ይቀጠራሉ፤ ደመወዙ ቢያንስም ልጁ አዛን እየሰማ ያድጋል ብለው።