ጆሮ የጻፈው፣ ዐይን የጻፈው

አንጋጫ መናኸሪያ የቆመ ረዳት «ሆሳና! ሆሳና!» እያለ ሲጣራ «ዕ» የለችም። ታፔላው ላይ ግን አለች። የሆሳዕና ከተማን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሰውማ አንዱ «ኤስ»ን ይደርባል፣ ሌላው «ኤን»ን። ሁሉም ጆሮውን አምኖ ነው።

ቃሉ ራሱ መነሻው ሁለት ቃል ነበር። በዕብራይስጥ «ሆሺዓ ና»፣ እባክህ አድን ማለት ነው። በጸሎት ሲደጋገም ተጣብቆ አንድ ሆነ። ግሪኮች ለ«ዐ» ድምፅ ፊደል ስላልነበራቸው ጣሏት፤ ግዕዝ ያዛት። እኛ ደግሞ በወረቀት ይዘን በአፍ ጣልናት።

አፍ የለመደውን ሐረግ ይቸኩልበታል። የእንግሊዞቹ «ጉድባይ» በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ»፣ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን፣ የሚል ምርቃት ነበር። «ጎድ» ወደ «ጉድ» የዞረው «ጉድ ዴይ»ን የመሳሰሉት ሰላምታዎች ስበውት ነው። ዛሬ ፈጣሪን ያስታወሰ መስሎት «ጉድባይ» የሚል ሰው ብዙም የለም። እኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ላይ ቆመናል፤ ስሙ ቢያጥርም አልጠፋም።

«በእናትህ»ም «በናትህ» ሆኗል፣ «የእኔ»ም «የኔ»። እነዚህን ጋዜጣም ይጽፋቸዋል። «ቤተ ክርስቲያን»ን ግን ስንቱ «ቤተስኪያን» እያለ፣ እንዲያ አድርጎ የሚጽፍ ካለ አራሚው ያቃናዋል። ሁለቱም የአፍ ችኮላ ናቸው፤ አንዱን ማለፍ ሌላውን መከልከል የልማድ ጉዳይ እንጂ የሕግ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው። «ሹድ ሃቭ» በፈጣን ንግግር «ሃቭ» ተውጦ «ሹድቭ» ይሆናል። ቋንቋውን ከእናቱ ጉያ የሰማ ልጅ የሰማውን ሲጽፍ «ሹድ ኦቭ» ይላል፤ ስህተቱ እዚያው አገር ሞልቷል። የአንጋጫ ተማሪ ይህን አይሳሳትም። ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛን ያገኘው በጆሮ ሳይሆን በዐይን፣ ከጥቁር ሰሌዳና ከመጽሐፍ ስለሆነ ነው። የእሱ ስህተት በተቃራኒው ይመጣል፦ የተጻፈውን ሁሉ ያነባል። ረቡዕን «ዌድነስዴይ» ብሎ፣ እንግሊዞቹ ከዋጧት ብዙ ዘመን የሆናትን «ዲ» ያስነሳታል። ሰው ቋንቋን በየት በኩል እንዳገኘው ከስህተቱ ይታወቃል።

የአንጋጫው ልጅ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በፊደል አይለይም፤ «አለ» ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት የሚታወቀው ከዐውዱ ነው። የቤቱ ቋንቋ ከምባትኛ ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚጠብቀው ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ረጅሙ አናባቢም እንዲሁ። እንግዲህ ይህ ልጅ «ሀፒ» የሚለው ቃል ላይ ሁለት «ፒ» ተደርድረው ሲያይ አጥብቆ ቢያነባቸው ምን ይደንቃል? በቤቱ ሕግ ልክ ነው። ሁለት ጽፈው አንድ የሚያነቡት እንግሊዞቹ ናቸው።