በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ግራፋይትና የተደበቀው ኃይል

በወልድያ ወይም በሀብሩዋ መርሳ አንድ ተማሪ በእርሳሱ ሲጽፍ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግራፋይት ነው። የካርቦን አተሞቹ እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ተያይዘው በንብርብር ተደራርበዋል፤ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ትስስር ደካማ በመሆኑ በቀላሉ ይንሸራተታሉ።

ይኸው ግራፋይት በአንዳንድ የኑክሌር ማብላያዎች ውስጥ የኒውትሮኖችን ፍጥነት ይቀንሳል። ሆኖም ፈጣን ኒውትሮን አተሙን ሲገጨው ከቦታው ያፈናቅለዋል። ከኋላው ባዶ ስፍራ ይቀራል፤ የተፈናቀለውም አተም በንብርብሮች መካከል ይሸጎጣል። ተማሪ ከወንበሩ ተገፍቶ በመደዳዎች መካከል ተጣብቦ እንደ መቆም ነው። ይህን ጉዳት ዩጂን ዊግነር እ.ኤ.አ. በ1942 አስቀድሞ ተንብዮታል።

የተፈናቀሉት አተሞች ኃይል ያከማቻሉ። ግራፋይቱ ሲሞቅ ብዙዎቹ ወደ ስፍራቸው ይመለሳሉ፤ የተከማቸውም ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

በእንግሊዝ አገር በዊንድስኬል ሠራተኞች ይህን ኃይል ለማስወጣት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1957 ማብላያውን ሲያሞቁ ሙቀቱ ከቁጥጥር ውጪ ሆነ። በዚያው ወር በ10ኛው ቀን ነዳጁ በእሳት መያያዙ ታወቀ፤ በማግስቱም በውኃ እሳቱን ለማጥፋት ተሞከረ፣ የአየር ማስገቢያውም ሲዘጋ እሳቱ ጠፋ። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በግጦሽ ላይ በማረፉ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሸፍን አካባቢ የተሰበሰበ ወተት ተደፋ።

እንግዲህ ዓይን የማያየው የአንዲት አተም መፈናቀል፣ ሲበዛና ሲከማች፣ የገበሬውን ወተት እስከማስደፋት ይደርሳል።