«ከመቶ ሦስቱ ብቻ ጨረሱ» የሚለው ቁጥር የማይናገረው

«የኦንላይን ትምህርት ከሽፏል፤ ከመቶ ተመዝጋቢ ኮርሱን የሚጨርሰው ሦስት ሰው ብቻ ነው» የሚል ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም። ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ-ቫሊየንቴ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ያቀረቧቸውን ኮርሶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2017-18 የትምህርት ዘመን ኮርሳቸውን የጨረሱት 3.13 በመቶ እንደነበሩ አስነብበዋል። ዜናውን የሚያራቡት ግን ጽሑፉን ያነበቡት አይመስልም። ከተመዘገቡት 52 በመቶ ያህሉ ኮርሱን አንድም ቀን ከፍተው አላዩም። ለሰርተፊኬት ገንዘብ ከከፈሉት መካከል ደግሞ በዚያው ዓመት 46 በመቶው ጨርሰዋል።

መርካቶ ውስጥ በሱቁ ደጃፍ ያለፈውን ሁሉ ደንበኛ ብሎ የሚቆጥር ነጋዴ ሁልጊዜ የከሰረ ይመስለዋል። ሦስት በመቶውም የሚናገረው እነማን እንደተመዘገቡ ነው እንጂ ትምህርቱ ጥሩ ወይም መጥፎ ስለመሆኑ አይደለም።

ተቃራኒው ስህተትም አይተናነስም፤ ኮርሱ አምስት ኮከብ ስላገኘ ግሩም ነው ማለት። ኮከብ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው የዘለቀው ተማሪ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የጠፋው ድምፅ የለውም። የዘለቀውም ቢሆን የሚመዝነው ትምህርቱን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በኦንላይን ኮርስ የሚረዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መምህራን ለአንደኛው ቡድን በራሳቸው፣ ለሌላኛው በባልደረባቸው ስም እንዲቀርቡ አደረገ። የቤት ሥራ የሚታረመው በእኩል ፍጥነት ነበር። ተማሪዎቹ ግን ለቅልጥፍና፣ ወንድ ለመሰላቸው መምህር ከ5 4.35፣ ሴት ለመሰለቻቸው 3.55 ሰጡ። ተማሪዎቹ 43 ብቻ ስለነበሩ ውጤቱን ለዓለም ሁሉ ማዋል አይቻልም፤ ኮከብን በጥርጣሬ ለማየት ግን ይበቃል።

ታዲያ ኮርስ አዘጋጁ ምን ይመልከት? ተማሪው ሳያስበው የሚተወውን ዱካ። ቪዲዮ ሲከፍት፣ ሲያቆም፣ ወደኋላ ሲመልስ፣ ሲዘጋ እያንዳንዷ ንክኪ ከነሰከንዷ ትመዘገባለች። የሺዎች ተማሪዎች ንክኪ በአንድ መስመር ላይ ሲደረደር ጉብታዎች ይታያሉ፤ ብዙ ሰው ተመልሶ ያያቸው ቦታዎች ናቸው። ጁሆ ኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በኤድኤክስ 862 ቪዲዮዎች ላይ እነዚህን ጉብታዎች ሲመረምሩ፣ 61 በመቶው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ከተለወጠበት ቅጽበት ጋር ተገጣጠሙ። ለምሳሌ ተማሪው ስላይዱን አንብቦ ሳይጨርስ ካሜራው ወደ መምህሩ ፊት ይዞራል፤ ተማሪውም ስላይዱን ፍለጋ ይመለሳል። እዚህ ላይ ትምህርቱ አልከበደም፤ ስላይዱ ቶሎ ሄደ። መፍትሔው ትምህርቱን ማቅለል ሳይሆን ስላይዱን ጥቂት ማቆየት ነው። ሌላው ጉብታ ግን ተማሪው መምህሩን እያየ አንድን ስሌት ደረጃ በደረጃ ሲደግም የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ ያ እንዲያውም መልካም ምልክት ነው። ሦስተኛው፣ ማብራሪያው ጨርሶ ያልገባው ሰው ጉብታ ነው።

ከንክኪው ብቻ ሦስቱን መለየት አይቻልም። ሌላ ምስክር መጠራት ያለበት ለዚህ ነው። ከቪዲዮው ቀጥሎ በሚመጣው መልመጃ የተሳሳቱት ስንት ናቸው? ከሁሉም በላይ፣ የተሳሳቱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው? ኮርሴራ ከተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ መሥራቾች አንዷ ዳፍኒ ኮለር እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተናገሩት፣ በባልደረባቸው አንድሪው ንግ የማሽን ለርኒንግ ኮርስ ሁለት ሺህ ያህል ተማሪዎች ለአንድ የቤት ሥራ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ሰጥተው ነበር። መቶ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁለት ሰው ቢሳሳት ማንም ልብ አይለውም፤ ሁለት ሺህ ሲሆን ግን ይጎላል። አዘጋጆቹ የስህተቱን ሥር ፈልገው አገኙና፣ ያንን መልስ የሚያስገባ ተማሪ የት እንደሳተ የሚነግር መልእክት አዘጋጁ። የቀረውን ደግሞ ተማሪዎች የሚልኩት ጥያቄና፣ ጥቂት ተማሪዎችን አጠገብ አስቀምጦ እያሰቡ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ማድረግ ይሞላዋል።

ይህ ዘርፍ የራሱ ክርክርም አያጣም። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምረው፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተማሪው የሚቆይበት መካከለኛ ጊዜ ከስድስት ደቂቃ እንደማያልፍ አሳዩ። «ቪዲዮ ሁሉ ስድስት ደቂቃ ይሁን» የሚለው ሕግ የተወለደው ከዚህ ነው። የተለካው ግን መቆየት እንጂ መማር አይደለም። የካርኔጊ ሜለኑ ኬኔት ኮዲንገርና ባልደረቦቹም መልመጃ መሥራት ከማየትና ከማንበብ ስድስት እጥፍ ያህል ከውጤት ጋር እንደሚያያዝ ሲያሳዩ፣ ወዲያው «ትጉህ ተማሪ መልመጃም ይሠራል፣ ውጤትም ያመጣል» የሚል ተገቢ ጥያቄ ተነሣ። የጥናት ቡድኑ ተጨማሪ ትንታኔ አቅርቧል፤ ይሁንና ቁርጡን የሚያሳየው ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማወዳደር ነው። ያም ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረግ አይበቃም። ሬኔ ኪዝልሴችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ቀደም ሲል በጥቂት ኮርሶች የሠሩ ማበረታቻዎች በ250 ያህል ኮርሶችና በሩብ ሚሊዮን ተማሪዎች ላይ ሲሞከሩ ጉልበታቸው እጅግ ቀንሷል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የኦንላይን ሥልጠና ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የተመዝጋቢው ቁጥር ነው። ንክኪን መቁጠርም እዚህ ሌላ ወጥመድ አለው። ኔትወርክ የተቆረጠበት ወይም የሞባይል ጥቅሉ ያለቀበት ተማሪ በመዝገቡ ላይ «በሦስተኛው ደቂቃ ሰልችቶት የሄደ» ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። አዘጋጁ ያንን አምኖ ቪዲዮውን ቢያሳጥር የተማሪው ችግር ባለበት ይቀራል፤ ደውሎ «ለምን አቆምክ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ቪዲዮውን በስልክ ላይ ማውረድ የሚቻልበትን መንገድ ማዘጋጀት እንዳለበት ይረዳ ነበር።