«9,999,999 ጨዋታ» የተባለው ሳጥን ውስጡ ምን አለ?

በሻይ ቤቶችና በቪዲዮ ቤቶች፣ አንዳንዴም በጎረቤት ቤት፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ልጆች «ጌም» ይሉታል። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ የፕላስቲክ ሽጉጥና «9,999,999 ጨዋታ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ካሴት አብሮት ይሸጣል። ተማሪዎች አንድ ዙር ለመጫወት ሳንቲም ይከፍላሉ። ወላጆች ደግሞ «ይህ ነገር ምንድን ነው? ልግዛው ወይስ ልከልክል?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዘመድ የተላከ ትንሽ ገንዘብ በእጁ ላለ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ውድ ተማሪዎችና የተከበራችሁ ወላጆች፣ በዚህ ጽሑፍ የሳጥኑን ታሪክና አሠራር አንድ በአንድ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው የትኛው ነው?

ገበያ ላይ የምናየው ሳጥን ቅጂ ነው። ዋናው «ፋሚኮም» ይባላል። ኔንቲዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሐምሌ 15 ቀን 1983 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ ዋጋው 14,800 የን ነበር። የሥራው መሪ ማሳዩኪ ኡኤሙራ የተባሉ መሐንዲስ ነበሩ። ይኸው ማሽን ከ1985 ጀምሮ መልኩ ተለውጦ በአሜሪካ ተሸጠ። ሁለቱ በአንድነት በዓለም ዙሪያ ወደ 62 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠዋል። በጃፓን ምርቱ የቆመው በ2003 ነው። ቅጂዎቹ ግን ዛሬም ይመረታሉ። «400 በ1» የሚል የተጻፈባቸው ትንንሽ የእጅ ጨዋታዎች እንኳ ብዙዎቹ የዚሁ ማሽን ዘር ናቸው።

እንዴት ሊቀዳ ቻለ?

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛ፣ ማሽኑ ርካሽ እንዲሆን ተብሎ ከጥቂት ክፍሎች የተሠራ ነበር። ሁለተኛ፣ የጃፓኑ ሞዴል ቁልፍ አልነበረውም። በአሜሪካው ሞዴል ውስጥ ካሴቱ በኩባንያው የተፈቀደ መሆኑን የሚመረምር ትንሽ ቺፕ ተጨምሮ ነበር፤ ቺፑ ካልተስማማ ጨዋታው አይጀምርም። የጃፓኑ ሞዴል ግን የመጣለትን ካሴት ሁሉ ይቀበል ነበር። በመሆኑም በታይዋንና በቻይና ያሉ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የቀዱት የጃፓኑን ነው። ካሴቱ ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት በኩል 60 የብረት ጥርሶች ካሉት የጃፓኑ ዓይነት ነው፤ የአሜሪካው 72 አለው።

ሦስተኛው ምክንያት ገበያው ነው። ዋናው ማሽን በብዙ አገሮች ጭራሽ አልተሸጠም፤ በተሸጠበትም ውድ ነበር። ለዚህ ሩሲያ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1992 መጨረሻ ላይ ስቲፕለር የተባለ ኩባንያ «ዴንዲ» የሚል ስምና የዝሆን ምልክት ያለው ቅጂ በሩሲያ መሸጥ ጀመረ። በ1994 ስለ ዴንዲ ጨዋታዎች የሚናገር የቴሌቪዥን ፕሮግራም እስከ መኖር ደረሰ። በዚያ ዘመን ላደጉ ብዙ የሩሲያ ልጆች ዋናው ማሽን ዴንዲ ነበር፤ ፋሚኮም የሚባለውን በስም እንኳ አያውቁትም።

ሕጉስ ምን ይላል? የፋሚኮም የፈጠራ መብት ጊዜው ስላለፈ፣ ዛሬ ተመሳሳይ ማሽን መሥራት እንደ ድሮው አያስከስስም። በካሴቱ ውስጥ ያሉት ጨዋታዎች ግን እንደ መጽሐፍ ደራሲ መብት ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ዛሬም ክልክል ነው።

ክዳኑ ሲከፈት

ከቅጂዎቹ መካከል በጣም የሚያታልለው «ፖሊስቴሽን» የሚባለው ነው። ከውጭ ሲታይ ሶኒ በ1994 ያወጣውን ፕሌይስቴሽን ይመስላል። ፕሌይስቴሽን የሚሠራው በሲዲ ነው። ፖሊስቴሽንም ሲዲ የሚገባበት የሚመስል ክብ ክዳን አለው። ክዳኑ ሲነሣ ግን ከሥሩ የሚገኘው የካሴት መሰኪያ ነው! ሳጥኑ የ1994 መልክ አለው፤ ሆዱ የ1983 ነው።

ሳጥኑን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ብታዩትስ? ከውስጡ አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው። በመካከሉ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። በሰሌዳው ላይ እንደ ደረቀ ሬንጅ ያለ ጥቁር ጠብታ አለ። ማሽኑ ማለት እርሱ ነው። በ1983 ከአንድ በላይ በሆኑ ቺፖች ላይ የነበረው አስሊው ክፍል፣ ሥዕል ሠሪውና ድምፅ ሰጪው አሁን በአንድ የሲሊከን ቅንጣት ላይ ተጠቃለዋል። ጥቁሩ ሙጫ ያንን ቅንጣት ከአቧራና ከንክኪ ይጠብቀዋል። የቅጂው ዋጋ የረከሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማሽን ኮምፒዩተር ነውን?

አዎን፣ ነው። አስሊው ክፍል 6502 ከሚባለው ቺፕ የተወለደ ነው። 6502 በ1975 በ25 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ በዋጋው ርካሽነት ብዙዎችን አስደንቆ ነበር። በ1977 የወጣውና በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያገለገለው አፕል 2 ኮምፒዩተርም የሚያስበው በዚሁ ቺፕ ነበር። በሻይ ቤት ያለው ሳጥንና ያ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

በቻይና ይህን የተረዱ ነጋዴዎች በ1990ዎቹ «ሱቦር» የተባለ ቅጂ ከጽሕፈት ሰሌዳ ጋር አዘጋጁ። የጽሕፈት መልመጃና ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነበረው። የፊልም ተዋናዩ ጃኪ ቻን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠርቶለታል። ኮምፒዩተር መግዛት ያልቻሉ ብዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው መማሪያ ብለው ይህን ገዙ።

የማሽኑ የሥራ ማስታወሻ 2 ኪሎባይት፣ ማለትም 2,048 ባይት ብቻ ነው። አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል ስለሚይዝ፣ 2,048 ባይት አንድ የደብተር ገጽ ያህል ጽሑፍ ይሆናል። አንድ ባይት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ደግሞ 255 ነው። በ1986 በወጣው «ዜልዳ» ጨዋታ ላይ ገንዘቡ 255 ሲደርስ መጨመሩን የሚያቆመው ለዚህ ነው።

በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሁለንተናው 40 ኪሎባይት ነው፤ 20 የደብተር ገጽ እንደ ማለት ነው። በ20 ገጽ ያን ሁሉ አገር እንዴት ሊያስገቡ ቻሉ? በቁጠባ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታዩ ደመናውንና ቁጥቋጦውን አስተያዩ። ቅርጻቸው አንድ ነው! ነጭ ሲቀባ ደመና፣ አረንጓዴ ሲቀባ ቁጥቋጦ ይሆናል። ትንሽ ነገር ያላቸው ሰዎች በዘዴ ትልቅ ሥራ መሥራታቸው ከጨዋታው ራሱ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው።

9,999,999 ጨዋታ እውነት ነው?

እንቁጠረው። አንዱን ጨዋታ አንድ ደቂቃ ብቻ ብንሞክር 9,999,999 ደቂቃ ያስፈልገናል። አንድ ቀን 1,440 ደቂቃ ነው። ሳንበላና ሳንተኛ ብንጫወት 6,944 ቀን፣ ማለትም 19 ዓመት ገደማ ይፈጅብናል። ዛሬ የጀመረ የ10 ዓመት ልጅ የሚጨርሰው በ29 ዓመቱ ነው!

ዘዴው እንዲህ ነው። በካሴቱ ውስጥ ያሉት ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው። የስም ዝርዝሩ ግን ያንኑ ጨዋታ በሌላ ስም ደጋግሞ ይጽፈዋል። አንዱን መስመር ስትመርጡ ጨዋታው ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ሌላውን ስትመርጡ ከሦስተኛው ደረጃ ይነሣል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለው የካሴቱን አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ በካሴቱ ውስጥ ያለ ትንሽ ክፍል «አሁን ይህን ገጽ ግለጥ» እያለ ያቀያይርለታል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት እንዲህ ላለው ሀብት ነው።

ሽጉጡ ዳክዬዋን እንዴት ያገኛታል?

ብዙዎች ከሽጉጡ ጨረር የሚወጣ ይመስላቸዋል። ከሽጉጡ ምንም አይወጣም፤ ብርሃን የሚገባው ወደ እርሱ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን የሚለይ ዓይን አለ። ቃታው ሲሳብ ማሽኑ ቴሌቪዥኑን ለቅጽበት ያጨልመዋል። ቀጥሎ ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ላይ ብቻ ነጭ አራት ማዕዘን ያበራል። ሽጉጡ በጨለማው ጊዜ ጨለማ፣ ቀጥሎ ብርሃን ካየ ተመትታለች ማለት ነው። በጨለማውም ጊዜ ብርሃን ካየ ግን ተጫዋቹ ወደ አምፖል አነጣጥሯል፤ አይቆጠርለትም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይናችን በቅጡ ሳያየው ነው። ሽጉጡ በአዲሶቹ ስስ ቴሌቪዥኖች ላይ የማይሠራውም ተበላሽቶ አይደለም። ስሱ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ጥቂት ስለሚያዘገየው ማሽኑ «ብርሃን አየህ?» ብሎ ሲጠይቅ ብርሃኑ ገና አልደረሰም። የድሮው ባለ መስታወት ቱቦ ቴሌቪዥን ግን ወዲያውኑ ያሳያል።

ለወላጆች ጥቂት ምክር

1. ከመግዛታችሁ በፊት በሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩ። የሳጥኑን ሥዕል አትመኑ። ካሴት የሚገባበት ከሆነ በምንም ስም ቢጠራ ፕሌይስቴሽን አይደለም፤ በፕሌይስቴሽንም ዋጋ አይገዛም።

2. አዳፕተሩን መርምሩ። በቆዩት ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ 9 ቮልት ነው። በአዳፕተሩና በሳጥኑ ላይ የተሣለው የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከተገላቢጦሽ ከተሰካ ማሽኑ ሊቃጠል ይችላል። በጣም የሚግል፣ ሽቦው የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ አዳፕተር እሳት ያስነሣል፤ በሳርና በሸራ ቤት ውስጥ ደግሞ አደጋው የአንድ ቤት ብቻ አይሆንም። ጨዋታው ሲያልቅ ይነቀል።

3. ማሽኑን ከባለ 12 ቮልት የሶላር ባትሪ ጋር በቀጥታ አታገናኙ። በውስጡ ኃይሉን ወደ 5 ቮልት የሚቀንስ ክፍል አለ፤ ትርፉ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

4. ልጅ ጨዋታውን ለመክፈት ቢፈልግ ከኃይል ተነቅሎ፣ ታላቅ ሰው ባለበት ይሁን። የድሮ ቴሌቪዥን ግን ፈጽሞ አይከፈት። ከጠፋ በኋላም ቢሆን ሰው የሚገድል ኃይል በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

5. ራሽን ተሽጦ ጌም አይገዛ፤ የደብተር ገንዘብም በሻይ ቤት አይለቅ። ልጁ ትምህርቱን አጥንቶ፣ ቤቱን አግዞ፣ በተወሰነ ሰዓት ቢጫወት ግን ነውር የለውም።

ማጠቃለያ

በሳጥኑ ላይ ያለው ስም፣ ሥዕልና ቁጥር ውሸት ሊሆን ይችላል። በጥቁሩ ጠብታ ሥር ያለው ግን እውነተኛ ኮምፒዩተር ነው፤ ሁለት ቁጥር ይደምራል፣ ያስታውሳል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ቁልፍ እየተጫኑ ዝም ብሎ ከመዋል «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ከተበላሸ ማሽን እንኳ ትምህርት ያገኛል። ሳጥኑ ነገ ይሰበራል፤ ወይም ቤተሰቡ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ይቀራል። የተማሩት ግን ሻንጣ አይፈልግም፤ በድንበርም ላይ አይፈተሽም።

መልመጃ

ሀ. አንድ ጨዋታ 40 ኪሎባይት ቢሆን 9,999,999 ጨዋታ ስንት ኪሎባይት ይፈልጋል?

ለ. ሁለት ዳክዬዎች በአንድ ጊዜ ሲበርሩ ማሽኑ የትኛዋ እንደተመታች እንዴት ሊለይ ይችላል?

ሐ. በጨዋታው ውስጥ እንደ ደመናውና እንደ ቁጥቋጦው ሁለት ጊዜ የሠራ ሌላ ሥዕል ፈልጉ።

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለሂሳብ ወይም ለሳይንስ መምህራችሁ አሳዩ።